የውጫሌ ሌላው አንቀጽ፦ የፌዝ ኖት፣ ያልተቀበሉት ብርና የሰብሳቢው ዓይን

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ሐይቅን አልፎ አምባሰል ሲገባ ውጫሌን ያገኛል። የዚህች ከተማ ስም በታሪክ መጽሐፎቻችን ከአንድ ቁጥር ጋር ተጣብቆ ቀርቷል፤ አንቀጽ 17። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ፒየትሮ አንቶኔሊ ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈራረሙት ውል በዚያ አንቀጽ ሰበብ እንዴት ዐድዋ እንዳደረሰ የማያውቅ አንባቢ ስለሌለ እዚህ አንደግመውም። የዚህ መጣጥፍ ጉዳይ ከጎኑ ተረስቶ የቀረው ሌላ አንቀጽ ነው፤ ስለ ገንዘብ የሚናገረው።

አንቀጹ በዋናው ውል ውስጥ አይገኝም። ያለው ያኔ ደጃዝማች የነበሩት ራስ መኰንን ኢጣሊያ ሄደው መስከረም 1882 ዓ.ም. በፈረሙት ተጨማሪ ውል ላይ ነው። በተጨማሪው ውል ሁለት የገንዘብ ነገሮች ሰፍረዋል። አንደኛው ብድር ነው፦ ኢትዮጵያ በኢጣሊያ መንግሥት ዋስትና ከአንድ የኢጣሊያ ባንክ 4 ሚሊዮን ሊሬ ትበደራለች፤ ግማሹ በጥሬ ብር ይሰጣታል፣ ግማሹ እዚያው ኢጣሊያ ተቀምጦ ለሚገዛ ዕቃ ይውላል፤ መያዣው የሐረር ጉምሩክ ነው። ሁለተኛው ስለ ገንዘብ ማስመታት ነው፦ ንጉሠ ነገሥቱ በስማቸው ገንዘብ ማስመታት ይችላሉ፤ የሚመታው ግን በኢጣሊያ ንጉሥ ገንዘብ መምቻ ነው፣ ኢጣሊያ በያዘችው የአፍሪካ መሬትም ይሠራል። በአጸፋው ኢጣሊያ ለአፍሪካ ግዛቷ ገንዘብ ካስመታች፣ ያ ገንዘብ በንጉሠ ነገሥቱ ግዛት ሁሉ ይሠራል።

ለላይ ላዩ አንባቢ ሚዛኑ የተስተካከለ ውለታ ይመስላል። ሆኖም መምቻው ያለው ሮም ነው፤ ክብደቱና ዋጋው የሚወሰነው በስምምነት ነው፤ የኢጣሊያ ንጉሥ መልክ ያለበት ብር ደግሞ እስከ ወሎና ሸዋ ገበያ ድረስ የመግባት መብት ያገኛል። አንቀጽ 17 የኢትዮጵያን አፍ ለመያዝ የታሰበ ከሆነ ይህኛው እጇንም ጭምር የሚይዝ ነበር። ዲፕሎማሲው ላይ ብቻ ያተኮሩ ጸሐፊዎች ይህን አንቀጽ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። በእኔ እምነት ግን የምኒልክን የ1885 ዓ.ም. እርምጃ ያለ እርሱ ማንበብ አይቻልም፤ የኢትዮጵያ የራሷ ገንዘብ እንዲወጣ የታወጀውና ውሉ መፍረሱ ለአውሮፓ መንግሥታት የተጻፈው በአንድ ወር፣ በዚያው በየካቲት ነውና። ብሩም ሮም አልተመታም፤ ፓሪስ ተመታ።

ገንዘብ የፖለቲካ መናገሪያ ነው የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። አዲስ የሚሆነው ምላሹን፣ የተቀባዩን ንግግር ማየት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ሕዝብ በመንግሥቱ ገንዘብ ላይ የነበረውን አስተያየት የገለጸበት መንገድ በሰብሳቢዎች ዘንድ ዝነኛ ነው፤ የኖቱን መልክ አስመስሎ እየሣለ አሾፈበት። በእኛ አገር ያ ዓይነት ወረቀት የለም። ይህ ማለት ግን አስተያየት አልነበረም ማለት አይደለም። የወሎና የትግራይ ነጋዴ የቀረበለትን ብር አገላብጦ አይቶ አልቀበልም ይል ነበር፤ ይህም እንደ ፌዝ ኖቱ ሁሉ ሊሰበሰብና ሊነበብ የሚችል ምልክት ትቷል።

የኒው ዮርክ የፌዝ ኖቶች

በመጀመሪያ የአሜሪካኖቹን ባጭሩ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 11 ቀን 1836 የፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን መንግሥት የመንግሥት መሬት የሚገዛ ሰው በወርቅና በብር እንጂ በወረቀት እንዳይከፍል አዘዘ። ዓመት ሳይሞላ፣ ግንቦት 10 ቀን 1837፣ የኒው ዮርክ ባንኮች ኖት ለሚያመጣላቸው ሰው ጥሬ ገንዘብ መስጠት አቆሙ። ሳንቲም ከገበያ ጠፋ፤ ያለው ሁሉ ቀበረው። በምትኩ ባንኩ፣ ባለሱቁ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ሳይቀር የሃያ አምስትና የሃምሳ ሳንቲም ወረቀት እያተመ ይሰጥ ጀመር። ብዙው ወረቀት በሚቀጥለው መንደር ዋጋ አልነበረውም።

የድንጋይ ማተሚያ ባለቤቱ ሄንሪ ሮቢንሰንና እንደ ኤድዋርድ ክሌይ ያሉ ሠዓሊዎች የገቡት በዚህ ክፍተት ነው። ከፌዝ ኖቶቻቸው አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ወረቀቱ ከእውነተኛው የሃምሳ ሳንቲም ኖት የሚጎድለው ነገር የለም፤ ዋጋው ተጽፏል፣ የመክፈል ቃል ኪዳን አለ፣ ጌጡ በየጥጉ ተስሏል። መሐል ላይ ግን ጃክሰን አሳማ ላይ ተቀምጦ ቢራቢሮ ያባርራል። ቢራቢሮዋ የወርቁ ተስፋ ናት፤ እርሷ ገደል ተሻግራ ትበራለች፣ አሳማውም በዚያው አቅጣጫ ይጋልባል። ተተኪው ማርቲን ቫን ቢዩረን ከኋላ ይከተላል፤ ገደሉ አፍ ሳይደርስ ግን ወደ ባንክ በሚወስደው ጎዳና እጥፍ ይላል። በዚያው ዘመን የተመቱ የመዳብ መሳለቂያዎች ላይ አህያ አለ፣ ካዝና የተሸከመች ኤሊም አለች። እነዚህን መዳቦች ላይማን ሎው የሚባል አሜሪካዊ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ በካታሎግ አስፍሯቸዋል፤ ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ በእርሱ ቁጥር ይጠሯቸዋል።

ቀልዱ የሠራው ሥዕሉ ስላማረ አይመስለኝም። በእውነተኛው ኖትና በፌዙ መካከል የቀረው ልዩነት ስላነሰ ነው፤ ሁለቱም ማንም የማይከፍልበት ወረቀት ናቸው። ሠዓሊው ቶማስ ናስት እ.ኤ.አ. በ1876፣ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ስለቀጠለው የወረቀት ገንዘብ ክርክር ሲሥል ነገሩን ወደ ጫፍ ወሰደው፤ ሕፃኑ በወተት ፋንታ «ወተት ነው» የሚል ትኬት ይሰጠዋል።

ለዚህ ዓይነት ፌዝ ማተሚያ ቤት፣ ርካሽ ወረቀት፣ የሚፎካከሩ ፓርቲዎች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በወረቀት ገንዘብ ተታሎ የሚያውቅ ሕዝብ ያስፈልጋል። የዚያ ዘመን ወሎ አንዱም አልነበረውም። ወሎ ፌዝ አጥቶ አይደለም፤ አዝማሪው በአምባሰል ቅኝት መኳንንቱን ሲሸነቁጥ፣ ባለቅኔው ሰምና ወርቅ ሲፈትል ኖሯል። ገበያ ውስጥ ይዞር የነበረው ገንዘብ ግን አሞሌ ጨውና የማሪያ ትሬዛ ጠገራ ነበር፤ በጨው ላይ ካርቱን አይሣልም። ከአፋር ጨው ምድር ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው የሚወጣው አሞሌ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየወጣ ይሄዳል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመዘገበው ይህንኑ ነው። ጨው ሲረጥብ ይሟሟል፣ ሲሸራረፍ ዋጋው ይወርዳል፤ ስለዚህ ተቀባዩ ሁልጊዜ መርማሪ ነው። ጠገራውንም የሚቀበለው በዚሁ ዓይን ነበር።

አንድ ዓመት፣ ሦስት ብር

የኢትዮጵያንና የአሜሪካን የገንዘብ ታሪክ ጎን ለጎን ማንበብ ለሚወድ ሰው እ.ኤ.አ. 1896 የተመረጠ ዓመት ነው። ከዚያ ዓመት ሦስት የብር ቁራጮችን አንድ ጠረጴዛ ላይ መደርደር ይቻላል።

የመጀመሪያው ከአሜሪካ ነው። ጀርመን በ1870ዎቹ ወደ ወርቅ ዞረች፤ አሜሪካም በ1873 የገንዘብ ሕጓ የብር ዶላር መምታት አቆመች፤ በዚህ ላይ አዳዲስ ማዕድኖች ተጨምረው የብር ዋጋ በዓለም ገበያ እየወረደ ሄደ። ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን በሐምሌ 1896 በቺካጎው የዴሞክራቶች ጉባኤ ተነሥቶ ብር በ16 ለ1 ሂሳብ ከወርቅ ጋር ያለ ገደብ ይመታ ሲል ተቃዋሚዎቹ የፌዝ ገንዘብ አወጡ። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የጎርሃም ብር አንጥረኞች ኩባንያ የሠራው ነው። ሥዕል የለበትም ማለት ይቻላል፤ የመንግሥት ዶላር 412 ከግማሽ ግሬን ብር እንደሆነ፣ ይህ ቁራጭ ግን 823 ግሬን እንደሆነና የአንድ የወርቅ ዶላር እውነተኛ ዋጋ ይህን ያህል ብር እንደሆነ በጽሑፍ ይናገራል። 823 ግሬን ከ53 ግራም በላይ ነው። ያዡ መዳፉ ላይ ሲያስቀምጠው ክብደቱ ራሱ ይስቅበታል፤ የብራያን ዶላር ግማሽ ዶላር ነው ማለት ነው። ፋራን ዘርቢ እ.ኤ.አ. በ1926 ለእነዚህ የብራያን ገንዘቦች ራሱን የቻለ ጽሑፍ ሠርቶላቸዋል።

ከፌዝ ገንዘቦቹ ሁሉ የቦሩ ሜዳ ወይም የባቲ ነጋዴ ያለ አስተርጓሚ የሚረዳው ይሄኛውን ይመስለኛል። ክብደትን ከዋጋ ጋር ማስተያየት የዕለት ሥራው ነበርና። የብሩ መውደቅም እርሱን ነክቶታል፤ የእጁ ጠገራ በባሕር ማዶ ገበያ የሚገዛው ዕቃ በተመሳሳይ ልክ ቀንሷል። በ1896 አንድ ማሪያ ትሬዛ በውስጡ ባለው ብር ቢተመን ከግማሽ የአሜሪካ ዶላር ብዙም አይበልጥም።

ሁለተኛው ቁራጭ ኢጣሊያ ለኤርትራ ያስመታችው ታለሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 አንድ ጊዜ፣ በ1896 ደግሞ እንደገና ተመትቷል፤ በዐድዋው ዓመት ማለት ነው። ኢጣሊያ ውስጥ በሚዘዋወረው ብር ላይ ንጉሥ ኡምቤርቶ ራሱ ባዶ ነው፤ ጺሙና ፀጉሩ ብቻ ይታያል። በኤርትራው ታለሮ ላይ ግን ዘውድ ደፍቷል፣ የጦር ልብስ ለብሷል። ለአገሩ ሰው ያላስፈለገው ዘውድ ለአፍሪካ ገበያ አስፈልጎ ተገኘ። መልኩን የነደፈው ሰው ስለ ሐበሻ ገበያ ምን ያስብ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚናገር ሰነድ አላየሁም። የተጨማሪው ውል የገንዘብ አንቀጽ ቢሠራ ኖሮ ይህ ዘውዳም ንጉሥ በውጫሌ ገበያ ቀን ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር።

ሦስተኛው 1889 ዓ.ም. የተጻፈበት የምኒልክ ብር ነው። ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ፓሪስ የተመታው ይህ ገንዘብ በአንድ በኩል ባለ ዘውድ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሌላው በኩል መስቀል ያለበት በትር የያዘ አንበሳና «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ጽሑፍ አለው። ሰብሳቢዎች መጀመሪያ የሚያዩት የአንበሳውን እግር ነው፤ አንዳንዱ ግራውን፣ አንዳንዱ ቀኙን አንሥቷል፤ ይህም የተለያየ ሞድና ጊዜ ያመለክታል። የፓሪሱ ምልክት «ኤ» የምትለዋ የላቲን ፊደል ናት። ከብሩ በታች አላድ፣ ሩብ፣ ተሙንና መሐለቅ ነበሩ።

እዚህ ላይ ሂሳብ መሥራት ያስፈልጋል። የማሪያ ትሬዛ ጠገራ ክብደት 28.07 ግራም ገደማ ሲሆን ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ ይህ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር ይሰጣል። የኡምቤርቶ ታለሮ 28.125 ግራም ይመዝናል፤ ማለትም ከጠገራው ከብዶ ይታያል፤ ንጽሕናው ግን 800 ስለሆነ ንጹሕ ብሩ 22.5 ግራም ብቻ ነው። የምኒልክ ብር 28.075 ግራም በ835 ንጽሕና፣ 23.44 ግራም ይሆናል። እንግዲህ የኢጣሊያው ሲከብድ ብሩ ያንሳል፤ ነጋዴው ባይወደው የሚያስገርም አይደለም። የምኒልኩ ግን ከጠገራው በጥቂቱም ቢሆን ይበልጣል። ቢሆንም ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ በራቀ ቁጥር በተለይም በሰሜን በሙሉ ዋጋው አልተወሰደም፤ ጠገራው አልተነቀነቀም። ትንንሾቹ፣ በተለይም መሐለቁ (ግርሹ)፣ የተሻለ ዕድል ነበራቸው፤ ጠገራው ዝርዝር ስለሌለው በጨውና በጥይት የሚሞላውን ክፍተት ደፍነዋልና።

እምቢታውን በብሩ ልክ ብቻ መፍታት እንደማይቻል የሚያሳየው ይህ የምኒልክ ብር ዕጣ ነው። ጠገራውን የሚቀበል ሰው ብሩን በኬሚካል አይመረምርም። የሚያየው የለመደውን መልክ ነው፦ የእቴጌዋን የራስ ጌጥ ዕንቁ ይቆጥራል፣ ትከሻዋ ላይ ያለው የልብስ መያዣ ጌጥ መኖሩን ያረጋግጣል፣ ከደረቷ በታች ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ያያል። ዓመቱ ሁልጊዜ 1780 ነው፤ የሞተችበት ዓመት። ከጠርዙ ዙሪያ ፍትሕና ምሕረት የሚል የላቲን ጽሑፍ ጎልቶ ወጥቷል፤ ጽሑፉ ከጠርዝ ሸርፎ ብር የሚሰርቀውን ሰው ያጋልጣል። የነጋዴው እምነት ያረፈው በእነዚህ ላይ ነው። በአንጻሩ የምኒልክ መልክ ያለበት ብር ሲቀርብለት በብሩ ላይ ሥልጣንንም አብሮ ተቀበል መባሉ ነው። በትግራይ እምቢታውን ከፖለቲካው ለይቶ ማየት ይከብዳል። በወሎ ግን፣ ገዢው ራስ ሚካኤል ለምኒልክ በጣም ቅርብ በነበሩበት አገር፣ የልማድ ክብደት ይበልጥ ይመስለኛል።

ኢጣሊያ ትምህርቷን የወሰደችው ዘግይታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 እንደገና ታለሮ ስታስመታ ንጉሡን ትታ ሴት አደረገች፤ ኢጣሊያን የምትወክል፣ ከሩቅ ሲያዩዋት ማሪያ ትሬዛን የምትመስል፣ ወፍራም አንገት ያላት ወይዘሮ። በጀርባው ለኤርትራ ንግድ አመቺነት የተመታ ብር ነው የሚል አሕጽሮት በላቲን ተጽፏል፤ ገበያተኛው ላቲን ያነባል የተባለ ይመስል። ንጽሕናውም ወደ 835 ከፍ ብሏል። ይህም አልሆነም። አሜሪካኖቹ መንግሥታቸውን ለመዝለፍ ገንዘብ አስመሰሉ፤ እዚህ ግን መንግሥት ራሱ ሳያስበው የሌላውን ገንዘብ የሚያስቅ ቅጂ አወጣ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ ለኢትዮጵያ ጦርነት ሲዘጋጅ ኢጣሊያ የማሪያ ትሬዛን መምቻ ሞድ ከኦስትሪያ ወስዳ ሮም ላይ ማስመታት ጀመረች። ለቅጥረኛና ለስንቅ የሚከፈለው ጠገራ መሆን ነበረበት፤ ሊሬ አይሠራምና። ወዲያው ፓሪስና ለንደን፣ ቀጥሎ ብራስልስ፣ በኋላም ቦምቤይ የየራሳቸውን መቱ። ከ150 ዓመት በላይ በፊት የሞተች እቴጌ እርስ በርስ ሊዋጉ በተዘጋጁ መንግሥታት ገንዘብ መምቻዎች ዕንቁዋ ሳይጓደል ወጣች።

ወረቀቱ

ወረቀት ገንዘብ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በልጅ ኢያሱ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ነው። አውጪው በምኒልክ ዘመን የተቋቋመው፣ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር የተሳሰረው የአቢሲኒያ ባንክ ነበር፤ የ5፣ የ10፣ የ100ና የ500 ብር ኖቶች ከመጀመሪያዎቹ ናቸው። ማንም ባለ ኖት ወደ ባንኩ ሄዶ ብር መቀበል ይችል ነበር። ባንክ ደጃፍ ላይ የማይደርስ ገበሬ ግን ይህ ቃል ምን ይሆነዋል? ኖቶቹ ከዋና ከተማዋ፣ ከባቡሩ መሥመርና ከውጭ አገር ነጋዴዎች ብዙ ሳይርቁ ቀሩ።

ለወሎ ታሪክ አንድ ነገር ጨምሮ ማለት ያስፈልጋል። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ኢያሱ በሥልጣን ዘመናቸው በመልካቸው የወጣ ገንዘብ የላቸውም። የምኒልክ ሞድ ሥራውን ቀጠለ። ንጉሥ ሚካኤል በጥቅምት 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ሲሸነፉ የወሎ ገበያ አሁንም በጠገራና በአሞሌ ይገበያይ ነበር፤ አልጋው ተለወጠ፣ የገበያው ገንዘብ ግን አልተለወጠም። አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንት ሲለወጥ የፌዝ ኖቱ ሥዕል አብሮ ይለወጣል። የእኛን ዘመን ለማንበብ የሚረዳው በተቃራኒው የማይለወጠው ቁራጭ ነው።

በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሊሬ በአዋጅ ገባ፤ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ደግሞ ለምሥራቅ አፍሪካ ግዛት ልዩ ምልክት የታተመበት የባንካ ዲታሊያ ኖት መጣ። ሰው ጠገራውን ቀበረ። ያ የተቀበረው ብር በየጊዜው ከመሬት ሲወጣ ያገኘው ሰው ብዙ ጊዜ ወደ አንጥረኛ ይወስደዋል።

ምን ይሰብሰብ?

በዓለም የሳንቲም ገበያ የሚወደደው ያልተነካካ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጠርዙ ያልተሸረፈ ቁራጭ ነው። ለፌዝ ኖትም ቢሆን ያልታጠፈ ወረቀት ይሻላል። ለኢትዮጵያ ብር ይህን መለኪያ እንዳለ መውሰድ ጥሩ ምርጫ አይመስለኝም። በወሎ ድሪ ላይ ከዶቃ ጋር የተሰካ ጠገራ አናቱ ላይ ተበስቷል ወይም የሽቦ ቀለበት ተበይዶበታል። ነጋዴው የተበሳውን «የተበላሸ» ብሎ ዋጋውን ይቀንሳል። የታሪክ ሰው ግን ቀዳዳውን እንደ ሰነድ ማንበብ አለበት፦ ይህ ብር ገበያ ለቆ የወጣበት ጊዜ፣ ሴቲቱ ከባንክ ይልቅ አንገቷን የመረጠችበት ውሳኔ ነው። የምኒልክ ብር፣ የኡምቤርቶ ታለሮና ጠገራው በየድሪው ላይ በምን መጠን እንደሚገኙ፣ የትኛው ፊት ወደ ውጭ እንደሚንጠለጠል፣ የትኛው ቀልጦ መስቀል እንደሆነ መመዝገብ የየአካባቢውን እምነትና እምቢታ ያሳያል። የፌዝ ኖት ሰብሳቢ የሠዓሊውን እጅ ያጠናል፤ የእኛ ሰብሳቢ የተቀባዩን እጅ ማጥናት ይኖርበታል።

ለዚህ መነሻ የሚሆኑ ሥራዎች አሉን። ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ ገንዘብና ባንክ ታሪክ፣ እንዲሁም ጠገራው በወረራው ዘመን እንዴት እንደዘለቀ የጻፋቸው ጥናቶች ዛሬም ያገለግላሉ። ዴኒስ ጊል እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተመው ካታሎግ የኢትዮጵያን፣ የኤርትራንና የኢጣሊያ ሶማሊያን ገንዘብ ዓይነት በዓይነት ይዘረዝራል። ሁለቱም ግን የሚያተኩሩት በአውጪው ላይ ነው፤ ማን አስመታ፣ ስንት ተመታ፣ የት ተመታ። ስለ አንድ ብር ከፓሪስ ወጥቶ በአምባሰል አንድ ቤት ድሪ ላይ እስኪያርፍ ያለውን መንገድ የሚነግረን የቤተሰቡ ቃል ነው።

የመመዝገቡ ልማድ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በአባ ኢየሱስ ሞአ ዘመን፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ ለገዳሙ የተሰጡትን መጻሕፍት ዝርዝር በወንጌሉ ውስጥ ጽፎ አኑሯል። ያ ዝርዝር የታሪክ ምሁራን ዋነኛ ምንጭ የሆነው ዕቃውን ከሰጪው ጋር ስላያያዘ ነው። የብር ስብስብም የሰጪው ስምና የመጣበት ቦታ ሳይጻፍ ቢቀመጥ ከተራ ብረት ብዙ አይሻልም። ሰብሳቢው አንድ ሌላ ነገር ልብ ማለት አለበት፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። ስለዚህ በጨረታ ቤት ካታሎግ ላይ «ኢትዮጵያ» ተብሎ የሚቀርብ ድሪ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠየቀው መቼና እንዴት እንደወጣ ነው።

አሜሪካና ኢትዮጵያ በገንዘብ ጉዳይ በቀጥታ የተገናኙበትን የ1937 ዓ.ም.ን ኖት ሰብሳቢዎች በሌላ ምክንያት ይፈልጉታል። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ያወጣው፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልክ ያለበት ይህ ኖት የታተመው አሜሪካ ውስጥ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ኖቶች ላይ ያለው የገዢ ፊርማ የአሜሪካዊው የጆርጅ ብላወርስ ነው። ወረቀቱን ለማስለመድ አብሮት የብር ሃምሳ ሳንቲም መጣ፤ ብሩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብድር እርዳታ ከአሜሪካ የተገኘ፣ መምቻውም ፊላደልፊያ ነበር። ንጽሕናው 800 ነበር። ሕዝቡ ወረቀቱን አወጣ፣ ሃምሳ ሳንቲሙን አስቀመጠ፤ ከፊሉም በኮንትሮባንድ ወደ ባሕር ማዶ ሄደ። በ1947 እ.ኤ.አ. መንግሥት ንጽሕናውን ወደ 700 ዝቅ አደረገ። መልኩም ሆነ በላዩ የተጻፈው 1936 የሚለው ዓመት አልተነካም፤ ሁለቱ ቢቀላቀሉ ዓመተ ምሕረቱን አንብቦ መለየት አይቻልም፣ ብሩን መመርመር ያስፈልጋል።